ሰባ አንድ ቤት፣ አንድ ቋት

መሥሪያ ቤቶች መዝገብ መያዝ ካቆሙ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው። ሆስፒታሉ የበሽተኛ ካርድ የለውም፤ ትምህርት ቤቱ የተማሪ ውጤት አያስቀምጥም፤ ፍርድ ቤቱም መዝገብ ቤቱን ለካፌ አከራይቶታል። ሰነድህን ማኅተም አድርገው ይሰጡሃል፤ ከዚያ ወዲያ መጠበቁ ያንተ ፋንታ ነው። ደመናው ላይ ያለው የመረጃ ቋት ውስጥ ከገባ አለ፤ ካልገባ የለም።

ስለዚህ ደሴ ላይ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ልጆች ኳሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን የቤተሰቡን ስም በተራ ይጠራል፤ የተጠራው አውራ ጣቱን ይጭናል፤ የዕለቱ ሰነድ፣ ፎቶ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የዘይት ደረሰኝ ሳይቀር ወደ ቋቱ ይወጣል። ሰው ቤት እንግድነት ሄዶ አሥራ አንድ ሰዓት የደረሰበት ይቅርታ ጠይቆ ይነሣል፤ ማንም አይቀየመውም። ሙሽሮች እንኳ ከዳሱ ወርደው ሲጭኑ አይቻለሁ።

ይመር እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የድንጋዩ ሰፈር ቅሬ ጸሐፊም ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ተደባልቀን ሰባ አንድ ቤት ነን። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የቋት ክፍያ ሲወደድ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ። «ድንኳናችን አንድ ነው፤ ብረት ድስታችን አንድ ነው፤ አግዳሚ ወንበራችን አንድ ነው። ሰባ አንድ ቋት ምን ይሠራልናል?» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። የቋቱ ኩባንያ ውል ላይ «የቤተሰብ ዓይነት» የሚል ቦታ ነበር፤ «አንድ ቤተሰብ» የሚለውን መርጬ ፈረምኩ። ያንን ጭብጨባ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ጥቅምት አምስት ቀን 2094፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ባዩሽ የእጅ ሰሌዳዋን ይዛ መጣች። ባዩሽ ከእኛ ቤት በታች ያለችው ጎረቤታችን ናት። ልጇ ቃልኪዳን ሃያ ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የኩላሊት ታማሚ ናት።

«ጋሼ ይመር፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ» አለች። «ሆስፒታሉ ደወለ። ኩላሊት ተገኝቶላታል፤ ተራዋ ደርሷል። እስከ ማክሰኞ የዘጠኝ ዓመት ፋይሏን ላኪ አሉኝ። ስከፍተው ግን ነጭ ነው።»

ከፈትኩት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አለው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ባዶ ነው። የክረምቱ ዝናብ ጣሪያዋን አልፎ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሳጥኑ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶውን ገጽ ወደ ቋቱ ሲልክ፣ ቋቱም በታማኝነት ሲቀበል ከርሟል። ማንም አላየውም፤ ደሟን የሚያጥበው ማሽን የሚጠይቀው ያለፈውን ሳምንት ብቻ ነው።

«ፋይሉ ከሌለስ?» አልኳት።

«ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራል። አሥራ አራት ወር።» ቃልኪዳን አሥራ አራት ወር እንደሌላት ሐኪሙ መናገሩ ለሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። የሚያነሣው ሰው አይደለም፤ ግን ከሰው ይበልጥ ጨዋ ነው።

«የአንዲት ልጅ ፋይል ተበላሽቷል» አልኩት። «ከመበላሸቱ በፊት የነበረውን ቅጂ መልሱልኝ።»

«በደስታ፣ ክቡር ደንበኛችን። ፋይሉ የተበላሸው ሐምሌ አሥራ አራት ነው። የሐምሌ አሥራ ሦስት ቅጂ በእጃችን ይገኛል። ቅጂዎች የሚቆዩት ዘጠና ቀን በመሆኑ የመጨረሻው ዕድል ጥቅምት ስምንት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቋትዎን ወደ ሐምሌ አሥራ ሦስት እንመልሰው?»

«ቋቱን አይደለም። የልጅቷን ፋይል ብቻ።»

«በውልዎ መሠረት የሚመለሰው ሙሉ ቋቱ ነው። ቤተሰብዎ በሙሉ ወደ ሐምሌ አሥራ ሦስት ይመለሳል።»

«እኛ ቤተሰብ አይደለንም፤ ሰባ አንድ ቤት ነን።»

«በመዝገባችን እርስዎ አባወራ ነዎት» አለኝ። «እንዲህ ያለ ትልቅ ቤተሰብ በማፍራትዎ እንኳን ደስ አለዎት።»

ከሐምሌ ወዲህ የገባውን ሌላ ቦታ ገልብጠን በኋላ ብንመልሰውስ ብዬ ጠየቅሁት። በእጅ የገባ ቅጂ ማኅተም እንደማይኖረው አስረዳኝ። ማኅተም የሌለው ሰነድ ፎቶ ነው፤ ለመታሰቢያ ይሆናል። ለመመለስ ደግሞ ከሰባ አንዱም ቤት የአንድ አንድ ሰው አውራ ጣት ያስፈልጋል፤ አንድ ቢጎድል አይሆንም።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። ልጄ ከማል የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከጓደኛው ከአህመድ ጋር የፀሐይ ሰሌዳ ሊጠግን ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አህመድ ወድቆ ሞተ። ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው አለ፤ ያየ ግን የለም። ከማል በዚያው ቀን ጠፋ። ዘጠኝ ዓመት አፋር በረሃ ጨው ሲቆርጥ ኖረ። አውራ ጣቱን የጫነ ዕለት የት እንዳለ ይታወቃል፤ አውራ ጣት ለማይጭን ሰው ደግሞ ከተማ ውስጥ ዳቦ እንኳ አይሸጡለትም።

ባለፈው ጳጉሜን ሦስት ቀን አበጋሮቹ፣ በእኛ አገር ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱን ቤተሰብ አስቀመጡ። ከማል በደንቡ መሠረት ፊቱን ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቀረበ። በደንቡ መሠረት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሽማግሌዎቹ ተናገሩለት። የአህመድ አባት ጋሽ እንድሪስ አውራ ጣታቸውን ጫኑ። የአህመድ ታላቅ ወንድም አራጋው አልጭንም ብሎ ነበር፤ አባቱ እጁን ይዘው አስጫኑት። ሰነዱ ቋት ገባ፤ ክሱ ተዘጋ፤ ልጄ ቤቱ ገባ። መስከረም ሃያ ላይ ጋሽ እንድሪስ አረፉ።

ሐምሌ አሥራ ሦስት ከጳጉሜን ሦስት ይቀድማል። ይህን ለማወቅ የጂኦግራፊ መምህር መሆን አያስፈልግም። ቋቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ እርቁ የለም፤ ዳግም እንዳይፈረም ፈራሚው መቃብር ገብተዋል፤ የቀረው አራጋው ነው። አራጋው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ ባዩሽን «እያጣራሁ ነው» አልኳትና ሸኘኋት። አሳፋሪ ነገር ነው፤ ግን ያደረግሁት ይህንን ነው። ሦስት ቀን ዝም ብል የሐምሌ ቅጂ ራሱን በራሱ ይጠፋል፤ ማንም ምንም አይለኝም። ያን ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ገበያ ሄጄ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ያልተቆለፈ በር ቆልፌ ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ስሜን ሲጠራ አውራ ጣቴ ላብ ስለነበረበት ሁለት ጊዜ አልቀበልም አለኝ።

ዓርብ ጠዋት በመስኮት ቃልኪዳንን አየኋት። ከቤቷ ወደ እኛ ቤት ሃያ ስድስት ደረጃ ነው። ሦስት ጊዜ ተቀምጣ አርፋ ነው የደረሰችው።

«ጋሼ፣ እማዬ ከምትጨነቅ እውነቱን ለእኔ ይንገሩኝ» አለች።

ነገርኳት። ቁልቁል እያየሁ ነው የነገርኳት። ስለ ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ ስለ ሰባ አንዱ ጣት፣ እስከ እሑድ ስለቀረው ጊዜ። ሰምታኝ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከማልስ?»

የራሷን ሳትጠይቅ የእኔን መጠየቋ አሳመመኝ። ትናንት ዝም ያልኩትን ሰውዬ በዚያች ሰዓት ባገኘው በጥፊ እለው ነበር።

በዕለቱ ምሳ ላይ ለቤቴ ሰዎች ተናገርኩ። ሚስቴ ጦይባ የያዘችውን ጉርሻ ሰሐኑ ላይ መለሰችው። «ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ሠላሳ ስምንት ቀን አየሁት» አለች።

ከማል እጁን ታጠበ። በረሃው ጣቶቹን ሰነጣጥቋቸዋል፤ ሳጥኑ አውራ ጣቱን የሚያውቅለት ቅባት ከተቀባ በኋላ ነው።

«መቼ ነው የሚጫነው፣ አባዬ?»

«እሑድ ጠዋት።»

«እንግዲያው እስከ እሑድ አለሁ» አለ።

አይሆንም እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ቢለምነኝ፣ ቢቆጣኝ፣ ቢያለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ግን ቢያንስ የምከራከረው ሰው ይኖረኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ሙሉ ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከሐምሌ ወዲህ የሚጠፋባችሁ ምንድን ነው እያልኩ ጻፍኩ። ሰው በሰማንያ ምናምን ቀን ውስጥ ስንት ነገር እንደሚያደርግ ገረመኝ። ሽፈራው በአምስተኛ ሙከራው መንጃ ፈቃድ አግኝቷል። ሁለት ጎረቤታሞች የአጥር ክርክራቸውን ጨርሰዋል፤ አሁን እንደ ገና ሊጀምሩት ነው። ጫት ያቆመው አቶ ተካ ሳጥኑ ሰባ ዘጠኝ ቀን ቆጥሮለታል፤ «ከዜሮ ሊጀምርብኝ ነው እንዴ?» ብሎ ትንሽ ተከዘና «ግድ የለም፣ ትርፉን ለራሴ እቆጥረዋለሁ» አለ። ሰሚራ የምትባል አራስ አለች፤ ልጇ ከተወለደች ሃምሳ ቀኗ ነው።

«ልጄ ትጠፋለች ማለት ነው?» አለችኝ።

«በሰነድ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ሄደሽ እንደ አዲስ ማስመዝገብ ነው።»

«ያው ነው» አለች። ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረቻትና «ቃልኪዳን ናት ልጄ ሌሊት ስታለቅስ ስታባብልልኝ የነበረች። ይጻፉ፤ እጭናለሁ» አለች።

ስልሳ ዘጠኝ ቤት አዳረስኩ። ሰባኛው የአራጋው ነው፤ ሰባ አንደኛው የእኔ ነው። የአራጋው በር ላይ ደርሼ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድንኳኑ ተተከለ። ሰው ሳይሞት ድንኳን ስንጥል የመጀመሪያችን ነው፤ አንዳንዱ እንደ ለቅሶ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቶ አፍሮ አስተካከለ። መጫኛው ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ነገሩን አስረዳሁ። የራሴንም ነገር ሳልደብቅ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ማለቴን ጭምር ተናገርኩ። ሰው ጎንበስ አለ። ባዩሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ሰውን ሁሉ እጅ ነሥታ ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ሰው ጠበቅን። አራጋው ተነሣ። ረጅም ሰው ነው፤ የድንኳኑን ገመድ ጎንበስ ብሎ አለፈ። አንዳች ሳይጠይቅ አውራ ጣቱን ጫነ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዘጠኝ ዓመት ያላየኝ ሰው አየኝ። ለምን ቀድሞ እንደተነሣ የገባኝ መሰለኝ። ከድንኳኑ በስተኋላ የቆሙት አበጋሮቹም የገባቸው መሰለኝ፤ መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቁመው ነበር።

ከእሱ በኋላ ሁሉም ተሰለፈ። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ከማል ከጀርባዬ ቆሞ ነበር፤ ክርኔን ያዝ አድርጎ «ጫን፣ አባዬ» አለኝ። ጫንኩ። ሰሌዳው «ቤተሰብዎ ወደ ሐምሌ አሥራ ሦስት በመመለስ ላይ ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አለ። ድንኳኑን አጣጥፈን ወደየቤታችን ሄድን።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳጥኑ በራ። «ዛሬ ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ 2093 ዓመተ ምሕረት ነው» አለ። ይመርን ጠራ፤ ጫንኩ። ጦይባን ጠራ፤ ጫነች። ከዚያ ጠፋ። ከማል ጣቱን ቅባት ቀብቶ ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሐምሌ አሥራ ሦስት ቀን እዚህ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ከታች ከባዩሽ ቤት እልልታ ሰማን። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ገጽ ተመልሷል። ጦይባም ከተቀመጠችበት ሆና እልል አለች፤ እንባዋ እየወረደ እልል አለች። ደስታዬ እውነተኛ ነበር። ፍርሃቴም እንደዚያው።

ሰኞ ጠዋት ከማል ሻንጣውን አዘጋጀ። ወደ አፋር የሚወርደው አውቶቡስ የሚነሣው ስምንት ሰዓት ነው። ጦይባ የበሰለውንም ያልበሰለውንም ታጭቅለታለች፤ እሱ መልሶ ያወጣል። አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አራጋው ነው።

«ግባ» ማለት ሲገባኝ በሩ መሀል ቆሜ ቀረሁ። ባዶ እጁን መሆኑን አየሁ፤ ማየቴንም አየ።

«ምንም አልያዝኩም፣ ጋሼ» አለ። ጫማውን አውልቆ ገባና በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጦይባ ውኃ አቀረበችለት፤ ተቀበላት እንጂ አልጠጣም።

«ትናንት ሳጥኑ አባቴን ጠራው» አለ። «እንድሪስ፣ እንድሪስ፣ እንድሪስ፤ ሦስት ጊዜ። ሐምሌ ላይ በሕይወት ነበራ። የለም ከምለው ብዬ ቤቱን ጥዬለት ወጣሁ።»

«አላህ ይማራቸው» አልኩ።

«አሚን።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ቀድሜ የጫንኩት ለቃልኪዳን ብዬ መስሎ ከሆነ አይደለም። ልጅቷ እንድትድን እፈልጋለሁ፤ ግን ለእሷ ብዬ አይደለም። ያ እርቅ የአባቴ ነበር። ጣቱ የእኔ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩበትም። እንዲጠፋ ፈልጌ ነው የጫንኩት።»

«ጠፋ» አልኩ።

«ጠፋ። ከትናንት ጀምሮ እንደ ገና ደመኛ ነኝ። ጠዋት ከቤት ወጥቼ በራችሁን ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። መቀመጥ ነው ያቃተኝ።»

መቀመጥ ሲያቅት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

«አንድ ነገር ነው የምፈልገው» አለ። «ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ። አባቴ ነገረኝ። ፖሊስ ነገረኝ። እሱ አንድ ቀን አልነገረኝም። ያን ቀን እንኳ ፊቱን ሸፍነው ነው ያመጡት። ጣሪያው ላይ ምን እንደሆነ ከራሱ አፍ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ የምሆነውን እሆናለሁ። ቃል አልገባላችሁም።»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ከማል ሻንጣውን እንደያዘ ወጣ፤ አራጋውን ሲያይ ሻንጣውን አስቀመጠው።

«እነግርሃለሁ» አለ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ዓመት የሰው ነገር ስመዘግብ ኖሬያለሁ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ንግግሩን ለመቅዳት ነው። አራጋው ብድግ ብሎ ቀደመኝ። ሳጥኑን ከግድግዳው አወረደና አሳቀፈኝ።

«ይሄ አይገባም፣ ጋሼ» አለ። «ይዘውት ይውጡ። እርስዎም እማማም።»

ወጣን። በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ከጦይባ ጎን ተቀመጥኩ፤ ሳጥኑ ጉልበቴ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲመለስ አቅፌው አለቀስኩ፤ አበላሁት፤ አስተኛሁት፤ ምን ሆናችሁ ብዬ አልጠየቅሁትም። ሰነድ ስላለ ተዘጋ ብዬ ተውኩት። መልሱን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቆይቶ የከማል ድምፅ መጣ፤ ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ አራጋው ጮኸ። ጦይባ ልትነሣ ስትል ያዝኳት። ከዚያ የሁለት ሰው ለቅሶ ሰማን፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ስምንት ሰዓት ላይ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከታች ተሰማ። ከቤቱ የወጣ የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሳጥኑ ጉልበቴ ላይ በርቶ ስሜን ጠራኝ። ጎረቤቶች ወደየቤታቸው ሲሮጡ አየሁ። ደግሞ ጠራኝ። አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ ያዝኩ። በሦስተኛው ጠፋ።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። አራጋው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ፤ ጥቂት ደረጃ ወርዶ ቆመና ሳይዞር ተናገረ።

«ነገም እመጣለሁ» አለ። «ገና አልጨረሰም።»